ስለ ጧሪና ስለ ቀባሪ

በአገራችን ሽማግሌ ወጣቱን ሲመርቅ ከሚናገራቸው ቃላት አንዱ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚል ነው። ችግረኛ አዛውንት አይተን ስናዝንም «ጧሪ ቀባሪ የሌለው ምስኪን» እንላለን። ሁለቱ ቃላት እንደ መንታ ልጆች ዘወትር አብረው ስለሚነገሩ አንድ ትርጉም ያላቸው ይመስለናል። ነገር ግን ጠጋ ብለን ብንመረምራቸው ሥራቸው ልዩ ልዩ ነው። ቀባሪ የሚያስፈልገው ለአንድ ቀን፣ ቢበዛም ለጥቂት የለቅሶ ቀናት ነው፤ ጧሪ ግን የሚያስፈልገው ለዓመታት ነው። ቀባሪ ሥራውን የሚሠራው ሰው በተሰበሰበበት አደባባይ ነው፤ ጧሪ ግን ማንም በማያየው ጓዳ ነው። ሟች ቀባሪውን አያመሰግንም፣ አይወቅስምም፤ ተጧሪ ግን ይራባል፣ ይበርደዋል፣ ያዝናል፣ ይቆጣልም።

እንግዲህ ከሁለቱ የከበደው የጧሪ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ እኛ በማኅበር ያደራጀነው የቀባሪን ሥራ ነው። በመራዊም ሆነ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ከተማ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው፣ መዋጮው በየጊዜው የሚሰበሰብ፣ ድንኳኑና ወንበሩ የተቆጠረ እድር አለ። በገጠሩም ጎረቤት እዝን ይዞ ይደርሳል እንጂ የሐዘንተኛ ቤት ጦሙን አያድርም። ይህ ልማድ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን ያው ሰው በሕይወት ሳለ፣ ጉልበቱ ከድቶት አልጋ ላይ በዋለበት ዘመን፣ ውሃ የሚያቀርብለት ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ዳኛ፣ ተራ የሚያወጣ ጸሐፊ የለም። ለሞተው ደንብ ጻፍንለት፤ ላረጀው ግን ምርቃት ብቻ ተውንለት። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ከዚህ የሚነሣ ነው። ይኸውም፦ ወላጅን መጦር በገንዘብ ወይም በሌላ ሰው እጅ ሊከፈል የሚችል ዕዳ ነውን? ወይስ ልጅ ራሱ ካልፈጸመው የማይፈጸም ግዴታ ነው?

አስቀድመን አባቶቻችንና እናቶቻችን እርጅናን በምን እንደሚሻገሩት እንመልከት። የመጀመሪያው መጠጊያ ልጅ ነው። ከልጆች አንዱ ጎጆ ቢወጣም ከወላጆቹ ግቢ ሳይርቅ ይቀራል፤ እርሱ ያርሳል፣ ሚስቱ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ታጥባለች። ሁለተኛው መጠጊያ መሬት ነው። ጉልበት ያነሰው ሽማግሌ፣ ይልቁንም በልማዳችን እርፍ የማትጨብጥ ባልቴት፣ መሬቷን ለእኩል ሰጥታ እንደ ስምምነቱ ከምርቱ ድርሻዋን ትቀበላለች። ሦስተኛው መጠጊያ ቤተ ክርስቲያን ነው። ባሏ የሞተባት አሮጊት ቆብ ደፍታ፣ እማሆይ ተብላ፣ በደብሩ አጠገብ በትንሽ ጎጆ ትቀመጣለች፤ ጸሎቷን ታደርሳለች፣ ከሰንበቴውና ከዝክሩም ትካፈላለች። አራተኛው በኋለኛው ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በመራዊ ዙሪያ ያለ ገበሬ ከእርሻው ከፍሎ ባሕር ዛፍ መትከሉን መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። ይህ ዛፍ ከጸደቀ በኋላ በየዓመቱ በሬ መጥመድ አይፈልግም፤ ተቆርጦም ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ጉልበቱ ለከዳው ሰው ባንክ እንደ ገባ ገንዘብ ያገለግላል።

እነዚህ አራቱ መጠጊያዎች ዛሬም አሉ። ነገር ግን ሁሉም የሚረዱት በአቅራቢያ የሚንቀሳቀስ እጅ ሲኖር ነው። ከእኩል አራሽ የመጣው ጤፍና ዳጉሳ ሳይፈጭና ሳይጋገር እንጀራ አይሆንም፤ የባሕር ዛፉም ዋጋ ብቻውን ከኪስ ወጥቶ ሕመምተኛ አያገላብጥም። ያ እጅ ደግሞ እየራቀ ሄዷል። ልጆች በትምህርት ምክንያት ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ፣ በእንጀራ ፍለጋም ከዚያ ወደ ራቀ አገር ሄደዋል። ይህን ጽሑፍ የምናነብ የመንግሥት ሠራተኞች፣ መምህራንና ተማሪዎች ከእነዚሁ ልጆች መካከል ነን። ወላጅ በሬውን ሸጦ ልጁን ሲያስተምር ጧሪውን ከራሱ ያርቃል፤ ይህን እያወቀም ያደርገዋል። እንግዲህ የእኛ ሹመትና ደመወዝ የቆመው በእነርሱ ብቸኝነት ላይ መሆኑን አንርሳ።

ለደመወዝተኛውስ መንግሥት ሕግ አውጥቶለታል። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችም የጡረታ ባለመብት ሆኑ። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል፤ ሠራተኛው ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት ሲሞላው አበል ይቆረጥለታል። «ጡረታ» የሚለው ቃል ራሱ ጦረ ከሚለው የመጣ ነውና፣ በዚህ አዋጅ መንግሥት ራሱ ጧሪ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ዕድሜውን በሙሉ አገር የመገበው ገበሬ ደመወዝተኛ ስላልሆነ ከዚህ መዝገብ ውጭ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሠርቶ መብላት ለማይችሉ ድሆች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ ግን የተነደፈው በተለይ በምግብ እጥረት ለሚታወቁ ወረዳዎች ነው። የሜጫና የቡሬ አገር በአንጻሩ እህል አምራች ተብሎ የሚጠራ ነው፤ በመራዊ አጠገብም የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ተሠርቷል። ይሁን እንጂ አገር ጠገበ ማለት የአገሩ አሮጊት ጠገበች ማለት አይደለም።

ሕጉም ልጅን ዝም አላለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በወላጅና በተወላጅ መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታን ደንግጎ ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ይህን ግዴታ ይዟል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። ነገር ግን ዳኛ በልጅ ላይ ሊፈርድበት የሚችለው ቀለብን ነው። ማታ መጥቶ «እንዴት ዋላችሁ፣ እናቴ?» እንዲል ሊፈርድበት አይችልም። እዚህ ላይ ነው የጥያቄያችን መልስ ብልጭ የሚለው። መጦር አንድ ነገር ሳይሆን ሦስት ነገር ነው፤ እንጀራ፣ እጅና ክብር ነው።

እንጀራ የምንለው ምግብን፣ ልብስን፣ መጠለያንና መድኃኒትን ነው። ይህ በገንዘብ ይከፈላል፤ በገንዘብ መከፈሉም ነውር የለበትም። በአዲስ አበባ ያለ ልጅ በስልክ ብር ቢልክ እንጀራውን ከፍሏል። ዳሩ ግን እንጀራውን የከፈለ ሁሉን የከፈለ እንዳይመስለው ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ብዙ ልጆች ይህን በምሬት ተምረውታል፤ ገንዘቡ በእጃቸው እያለ ወላጆቻቸው ዘንድ ለመድረስ አልቻሉምና። በዚያን ጊዜ ለአረጋዊው የደረሰለት በቅርብ ያለው ሰው ብቻ ነበር።

ሁለተኛው እጅ ነው፤ ይኸውም ማጠብ፣ ማንሣት፣ ማጉረስ፣ ሌሊት መነሣት ነው። ይህ ከሁሉ ይልቅ ሳይቆጠር የሚቀር ወጪ ነው። ለምሳሌ አንዲት ምራት የባሏን እናት ለመርዳት በቀን 4 ሰዓት ብታውል፣ በዓመት 1,460 ሰዓት ይሆናል። በቢሮ ሥራ ልማድ በ8 ሰዓት ብናካፍለው ከ182 የሥራ ቀናት ይበልጣል። እንግዲህ አምስት ልጆች ያሏት እናት አንዲት ምራት ብቻ ብትጦራት፣ አምስቱ በትክክል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ ከ36 የሥራ ቀናት ጥቂት የሚበልጥ የሚደርሰውን ሸክም አንዲት ሴት፣ ያውም በደም የማትዛመድ ሴት፣ ብቻዋን ተሸክማለች ማለት ነው። ስለ እርሷ ግን ማንም አይናገርም። በበዓል ቀን በግ ይዞ የመጣው ልጅ ይመሰገናል፤ ዓመቱን ሙሉ አመድ ስታወጣ የኖረችው ምራት ወጡን ሠርታ ታቀርብለታለች። ይህ በደል ነው እንላለን።

እጅ በዋጋ ሊቀጠርም ይችላል። በከተማ የሚኖሩ ቤተሰቦች አረጋዊ የምትረዳ ሠራተኛ ይቀጥራሉ። ይህ በራሱ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። የባሕር ዳርን ወይም የአዲስ አበባን አሮጊት የምትደግፈው ያች ወጣት ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ናት፤ እርሷም የአንዲት እናት ልጅ ናት። ደመወዟ ለራሷና ለእናቷ የማይበቃ ከሆነ፣ ፈቃድ አግኝታ እናቷን የማትጠይቅ ከሆነ፣ እኛ እናታችንን የጦርነው የሌላዋን እናት ጧሪ በመንሣት ነው። ስለዚህ ለዚህች ሠራተኛ የሚገባውን መክፈል ቸርነት አይደለም፤ የመጦሩ ዕዳ አንዱ ክፍል ነው።

ማንም የሌለውስ? ለእንዲህ ያለው ሰው የመጦሪያ ማዕከል ያስፈልገዋል። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን ከጎዳና አንሥቶ ይረዳል፤ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መመሪያውም በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው። አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለው ቤት የባዕድ ልማድ ነው ይላሉ። እኛ ግን ለዚህ አባባል አንስማማም፤ ድኩማን በገዳምና በደብር ደጅ መጠለላቸው የቆየ ልማዳችን ነውና። የሚያሳፍረው ማዕከሉ መኖሩ አይደለም፤ ልጅ ያለው ሰው ልጅ እንደሌለው ሆኖ እዚያ ሲገኝ ነው። ለማዕከሉ ገንዘብ ሰጥቶ የገዛ እናቱን የረሳ ሰውም ቢኖር፣ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የተነቀፉት ሰዎች ባልንጀራ ነው። እነርሱም ለወላጅ የሚገባውን «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እያሉ ያመካኙ ነበር።

ሦስተኛው ክብር ነው። ይህ በገንዘብም በቅጥር እጅም አይከፈልም። ክብር ማለት አረጋዊውን እንደ ዕቃ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ከማጓጓዝ በፊት ፈቃዱን መጠየቅ ነው። ከመራዊ ገጠር የመጣች እናት በከተማ ፎቅ ላይ ምግብ ተትረፍርፎላት፣ የደብሯን ደወል ሳትሰማ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ቡና ሳትጠጣ የምትውል ብትሆን፣ እንጀራና እጅ አግኝታለች፤ ክብሯን ግን የጠየቃት የለም። መጽሐፈ ሲራክ በዚህ ነገር ሁለት ምክር አለው። በምዕራፍ 3 ልጅ አባቱን በእርጅናው እንዲረዳ፣ አእምሮው ቢደክም እንኳ እንዳይንቀው ያስጠነቅቃል። በምዕራፍ 33 ደግሞ ወላጁን፣ በሕይወት ሳለ ሀብቱን ለልጅም ቢሆን አሳልፎ ሰጥቶ የሰው እጅ ተመልካች እንዳይሆን ይመክረዋል። በእኛ አገር መሬት አይሸጥም፤ በሕጉ መሠረት በውርስና በስጦታ ግን ይተላለፋል። ስለዚህ የአረጋዊት የይዞታ ደብተር በራሷ ሣጥን መቀመጡ የስስት ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። «ደብተሩን ስጪኝና ልጡርሽ» የሚል ልጅ ጧሪ ሳይሆን ነጋዴ ነው። በቅዱስ ቁርኣንም ወላጆች ባረጁ ጊዜ ልጅ የመሰልቸት ቃል እንኳ እንዳይናገራቸው መታዘዙ፣ ክብር ከእንጀራ የተለየ ዕዳ መሆኑን የሁለቱም ሃይማኖት አባቶች እንዳወቁት ያሳያል።

«እንዲህ ያለው ሒሳብ ፍቅርን ያቀዘቅዛል፤ እናት በሰዓትና በብር ትለካለችን?» የሚለን አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው። እድር መዋጮ ስለሚቆጥር ለቅሷችን ቀዝቅዟልን? አልቀዘቀዘም። ይልቁንስ ድንኳኑን ማን እንደሚተክል አስቀድሞ ስለታወቀ ሐዘንተኛው ተረጋግቶ ያለቅሳል። ፍቅርን የሚያቀዘቅዘው ቁጥር አይደለም፤ ሳይቆጠር በአንድ ሰው ላይ የተከመረ ሸክም ነው። የሠለጠኑት አገሮችም ይህን ተረድተዋል። ጀርመን በ1987 ዓ.ም.፣ ጃፓን በ1992 ዓ.ም. ለአረጋውያን እንክብካቤ የሚሆን የመድን መዋጮ ሥርዓት አቁመዋል። በእኛም አገር የሜጫ ጎረቤት የሆነው ደቡብ አቸፈር በ2003 ዓ.ም. ገደማ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነበር። ገበሬው ለሕመሙ አስቀድሞ ማዋጣትን ለመደ። ለመቃብርና ለሕመም ያዋጣ ሕዝብ በመካከል ላለው ለእርጅና ማዋጣት አያቅተውም።

ስለዚህ የምናሳስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ወላጆች ገና በጉልበታቸው ሳሉ ልጆች ሁሉ፣ ምራቶችም ሳይቀሩ፣ በወላጆች ፊት ተቀምጠው እንጀራውን ማን፣ እጁን ማን፣ በስንት ተራ እንደሚሰጥ ይወስኑ፤ በሩቅ ያለው ገንዘብ ቢያበዛ፣ በቅርብ ያለው ድካሙ ቢቆጠርለት፣ የመጀመሪያውም ቃል የወላጆች ቢሆን መልካም ነው። ሁለተኛ፣ እድሮቻችን ከመዋጯቸው ጥቂቱን ከፍለው፣ ከአባላቸውም ተራ መድበው፣ አልጋ ላይ የዋለውን ጎረቤት ሳይሞት ይድረሱለት። ዳኛው፣ ጸሐፊውና መዝገቡ ዛሬም አሉ፤ የጎደለው አንድ ዓምድ ብቻ ነው።

የጠየቅነውን እንመልስ። መጦር ዕዳ ነው። እንጀራውን በገንዘብ መክፈል ይቻላል፤ እጁን መካፈልም መቅጠርም ይቻላል፤ ክብሩን ግን ልጅ ራሱ ሄዶ ካልከፈለው ሌላ ሊከፍልለት አይችልም። ከሞት በኋላ የምንሰጠውን ያማረ ቀብር ሟቹ አያየውም። ያረጀ ሰው ግን ወደ ደጅ እየተመለከተ ነውና፣ ከቀባሪነት አስቀድመን ጧሪዎች እንሁን።