አምበል የሚያደርገው ምንድን ነው?

በአንድ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ የስፖርት ቡድን ሲቋቋም ቀድሞ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ አምበሉ ማን ይሁን የሚለው ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ ሳይመከርበት ይገኛል። ጎል የሚያበዛው፣ ቁመናው የሚያምረው፣ ሲናገር ሰው ጸጥ ብሎ የሚሰማው ይመረጣል። (በዚያ ላይ ቀልድ የሚያውቅ ከሆነማ ምርጫውም አያስፈልግም።) ነገር ግን ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥልበት ተማሪ ሰውን ሊመራ ይችላልን? ግርማ ሞገስና መሪነት አንድ ነገር ናቸውን?

ፈረንጆች ግርማ ሞገስን ካሪዝማ ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የጸጋ ስጦታ ማለት ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 12 ላይ እናገኘዋለን። በዚያ ቦታ ስጦታው ለባለቤቱ ጌጥ እንዲሆን ሳይሆን ለሁሉ ጥቅም የተሰጠ ነው። ጀርመናዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ማክስ ዌበር (1864-1920) ቃሉን ወስዶ ስለ ሥልጣን ሲጽፍበት ግን ትርጉሙ ዞር አለ። በእርሱ አስተሳሰብ ካሪዝማ ያለው ሰው ማለት ተከታዮቹ ልዩ ኃይል አለው ብለው ያመኑበት ሰው ነው፤ እነርሱ ማመናቸውን ሲተዉ ኃይሉም አብሮ ይሄዳል። ይህ እውነት መሆኑን ለማየት ስታዲየም መግባት ይበቃል። ትናንት በትከሻ የተሸከሙት ተጫዋች ሦስት ጨዋታ ሳያገባ ቢቀር ዛሬ ስሙን የሚያነሣ አይገኝም። እንግዲህ የስፖርተኛ ግርማ ሞገስ ከተመልካች የተገኘ ብድር ነው ማለት ይቻላል። ተበዳሪው በምን ያውለዋል?

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነኝ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 2008 በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት (ዋና ከተማዋ አይደለችም)፣ ኤለንስበርግ በምትባል ከተማ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ቡድን መካከል የተደረገ የሶፍትቦል ጨዋታ ነው። በዚህ ጨዋታ ኳስ በዱላ ይመታል፤ ኳሷን ከአጥር ውጭ የጣለች ተጫዋች አራቱን ማዕዘን በእግሯ እየረገጠች ዞራ ስትመለስ ነጥብ ይቆጠርላታል። የዌስተርን ኦሪገኗ ሣራ ቱኮልስኪ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሷን ከአጥር ውጭ ጣለች። ሁለት ጓደኞቿ ቀድመው በማዕዘን ላይ ስለነበሩ የሚቆጠረው ሦስት ነጥብ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን ማዕዘን ሳትረግጥ አልፋ ኖሮ ልትመለስ ስትዞር ጉልበቷ ከዳት። ወድቃ እየዳኸች ወደ ማዕዘኑ ደረሰች። ዳኞቹም የራሷ ቡድን አባላት ቢነኳት ከጨዋታው ውጭ ትሆናለች፣ ተቀያሪ ቢገባላት ደግሞ የእርሷ ነጥብ ቀርቶ ሁለቱ ብቻ ይያዛሉ አሉ።

ያንን ማዕዘን ትጠብቅ የነበረችው የተቃራኒው ቡድን፣ የሴንትራል ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ማሎሪ ሆልትማን ናት። በሚወዳደሩበት ምድብ ታሪክ ኳስን ከአጥር ውጭ በመጣል የሚበልጣት አልነበረም። ወደ ዳኛው ቀርባ እኛ ብንሸከማትስ ብላ ጠየቀች። የሚከለክል ደንብ የለም ተባለች። እርሷና ሊዝ ዋላስ የምትባል የቡድን ጓደኛዋ በሁለት ወገን አንሥተው ተሸከሟት፤ በየማዕዘኑም ዝቅ እያደረጉ የግራ እግሯን አስነኩላት። ሴንትራል ዋሽንግተን በዚያ ጨዋታ 4 ለ 2 ተሸነፈ፤ ወደሚቀጥለው ዙር የማለፍ ተስፋውም በዚያው አከተመ።

ታሪኩ ደስ ይላል ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ሆልትማን የለገሰችው የራሷን ብቻ ነውን? ዓመቱን ሙሉ አብረዋት የለፉ ጓደኞች ነበሯት፤ ሰብስባ ድምፅ አላስቆጠረቻቸውም። አምበል ለቡድኑ ድል የሚቆም ከሆነ ተፎካካሪን ተሸክሞ ነጥብ ማስያዝ ክህደት አይሆንምን? ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሆኖም ኳሷ ከአጥሩ አልፋለች። የቀረው ለወግ ያህል ዞሮ መመለስ ብቻ ነበር። ሴንትራል ዋሽንግተን አንዲቱን ነጥብ ቢያስቀር ኖሮ ያስቀረው በችሎታው ሳይሆን በአንዲት ልጅ ጉልበት መሰበር ነው። ስለዚህ ሆልትማን የጓደኞቿን ሀብት ሰጠች ለማለት ይከብደኛል፤ የእነርሱ ያልሆነውን እንዳይወስዱ ከለከለች እንጂ። በኋላ እንደታወቀው ዳኞቹ ደንቡን ተሳስተው ነበር፤ ተቀያሪ ገብታ ሦስቱም ነጥብ መያዝ ይችል ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ሸክሙ ከንቱ ቀረ ይላል። ለእኔ ግን ነገሩን ያጸናዋል፤ በደንቡም ቢሆን ነጥቡ የቱኮልስኪ ነበርና።

ግርማ ሞገስን ጨርሶ መናቅም ስሕተት ይመስለኛል። ያንኑ ጥያቄ ከተቀያሪዎች ወንበር አንዲት የማትታወቅ ልጅ ብታነሣው ዳኛው ይሰማት ነበርን? ምናልባት። ጓደኞቿስ ዝም ይሉ ነበርን? እጠራጠራለሁ። የሆልትማን ስም በዚያች ሰዓት ሥራ ሠርቷል።

አበዳሪው ሲቆጣ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. እስከ 1963 ድረስ የሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ጥቁር ተጫዋቾች ካሉበት ቡድን ጋር እንዳይጫወት ያልተጻፈ ሕግ ያግደው ነበር። በዚያ ዓመት የፍርድ ቤት እግድ ሊደርስበት ሲል ቡድኑ ከግዛቱ ሹልክ ብሎ ወጣና ማርች 15 ቀን በሚሺገን ከቺካጎው ሎዮላ ጋር ገጠመ። ከጨዋታው በፊት ነጩ አምበል ጆ ዳን ጎልድና ጥቁሩ የሎዮላ አምበል ጄሪ ሃርክነስ በመሐል ሜዳ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ የፎቶግራፍ መብራት ከየአቅጣጫው በራ። ሎዮላ 61 ለ 51 አሸነፈ። ጎልድ በ2011 ሲያርፍ ሃርክነስ ከቀብሩ ላይ ተገኝቷል።

ወደ ኤለንስበርግ ልመለስና፣ ስለ ሆልትማን ብዙ ሲነገር ስለ ሊዝ ዋላስ የሚነገረው ጥቂት ነው። በክብረ ወሰኗ የምትታወቅ አልነበረችም። አምበሎች የሚመሰገኑበት ጽሑፍ ውስጥ ስሟ በአንድ መስመር ያልፋል፤ በዚህም ጽሑፍ እንደዚያው ሆኗል። ነገር ግን ሆልትማን ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ያቺን ልጅ ሦስት ማዕዘን ድረስ ልትሸከማት አትችልም ነበር።