ደጃችን የት ላይ ያበቃል?

ዳንግላ ውስጥ ክረምት ሲገባ በየደጁ አካፋ ይነሳል። እርስዎም ከበርዎ እስከ መንገዱ ጠጠር ደልድለው ከጭቃ ተገላግለው ይሆናል። መልካም ነው። ግን ቦዩን ደፍነውት ከሆነ ጎርፉ በየት ይለፍ? ከታች ወዳሉት ጎረቤትዎ ግቢ ነው የሚዞረው። ጥራጊያችንንም እዚያው ቦይ ውስጥ የምንጨምር ብዙዎች ነን (ማን አየን ብለን!)።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከ60 ወይም ከ70 በላይ ከሆኑት የኢማን ቅርንጫፎች ዝቅተኛው ጎጂን ነገር ከመንገድ ላይ ማስወገድ እንደሆነ ማስተማራቸውን ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ታዲያ ጎጂውን ከራስ ደጅ ወደ ጎረቤት ደጅ ማሻገር ማስወገድ ይባላልን? እኔ አይመስለኝም። ለሱብሒ ሶላት በጨለማ የሚወጡት አዛውንት የእርስዎን ጠጠር እንዳለፉ ጭቃው ውስጥ ይገባሉ። ዝናቡ ጋብ ሲል ጠጠሩን ገለጥ አድርገው ከሥሩ ቱቦ ይቅበሩበት፤ ጎረቤትዎንም አስቀድመው ያማክሯቸው።