ድመቷ ምን አጥፍታ ነበር?

የዚህን ጽሑፍ ርዕስ ያየ አንባቢ «ስንት የሚወራ ጉዳይ እያለ ስለ ድመት ይጻፋል ወይ?» ብሎ ሊገረም ይችላል። አልፈርድበትም። ከአንድ ወር በፊት ቢሆን እኔም እንዲሁ እል ነበር። ነገሩ ግን ከድመት ተነስቶ ወደ ራሴ ስለ መጣ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

የምንኖረው ጉለሌ፣ ፓስተር ከሚባለው ሠፈር፣ አምስት አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። አይጥ ቢያስቸግረን ጊዜ እናቴ ከሁለት ዓመት በፊት ከአንዲት ዘመዳችን ቤት አንድ ወንድ ድመት በዘንቢል ይዛልን መጣች። ስሙም እንደ አብዛኛው የአገራችን ድመት ዉሮ ነው። አይጡን በሁለት ወር ጸጥ አሰኘው። የግቢው ሰው ሁሉ ይመግበዋል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሁዳዴን ሲይዙ ወደ እኛ ደጅ ይዞራል፤ በረመዳን ደግሞ ለሱሑር ከሁላችንም ቀድሞ ይነቃል። የሁለቱንም ጾም ወራት እንደ እርሱ አጥንቶ የያዘ በግቢያችን የለም።

ዘንድሮ ግን ዓመሉ ተለወጠ። በየጥጉ መሽናት ጀመረ፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ የእኔን መስገጃ መምረጡ ነበር። ድመት ከጠጣችበት ውሃ ውዱእ ማድረግ እንደሚቻል ብዙዎቻችን እናውቃለን። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለውዱእ የቀረበላቸውን ውሃ ዕቃውን አዘንብለው ለድመት እንዳጠጡ፣ ነገሩ ያስደነቃት የልጃቸው ሚስት ስትመለከታቸውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በቤታችን ከሚዘዋወሩብን ወገን መሆኗን መናገራቸውን እንደ ነገሯት በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። ሽንቷ ግን በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ነጃሳ ነው። ስለዚህ በጉለሌ ብርድ፣ ከሱብሒ በፊት፣ ባትሪ ይዤ የግቢው ቧንቧ ሥር መስገጃ የማጥብባቸው ሌሊቶች በዙ። አጥቤ ስጨርስ ደግሞ እርሱ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

በዚህ መካከል የአምስት ዓመቷ ልጄ ጅራቱን ስትጎትተው እጇን ቧጨራት፤ ደም ወጣ። የግቢው ሸንጎ ወዲያው ተሰበሰበ። ፍርዱም አንድ ነበር፤ በጆንያ አድርጎ እንጦጦ ጫካ መጣል። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለውም ተረት አልቀረም። እኔም፣ አልዋሽም፣ ጆንያውን ፈልጌ ነበር።

ያዳነው ፍራቻ ነው። የሠፈራችን ስም የመጣው እዚሁ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሆን በቦታው ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለብዙ ዘመን የተዘጋጀው በዚሁ ግቢ ነው። ስለዚህ እዚህ ሠፈር ያደገ ሰው በሽታው ከውሻ ብቻ እንደማይመጣ ያውቃል፤ ትልልቆቹም በድሮው ዘመን ለብዙ ተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን መርፌ አይረሱትም። የልጅቷን እጅ ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጥበን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ክትባቱን አስጀመሯትና አንድ ነገር አጥብቀው ነገሩን፤ ድመቱን ለ10 ቀን እንዳትለቁት፣ እየመገባችሁ ተከታተሉት። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ከሆነ የልጅቷ ክትባት ሊቋረጥ ይችላል፤ ከጠፋ ወይም ከተጣለ ግን የሚጣራበት መንገድ ስለሌለ እስከ መጨረሻው ትወጋለች። እንጦጦ ጥለነው ቢሆን ኖሮ የጎዳነው ልጃችንን ነበር ማለት ነው።

እናም እንጨት ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ዘጋሁበት። ሕጋዊ እስር ነው። ውሃም ሳንባም አስቀመጥኩለት።

በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጧት፣ ለሥራ ወደ ደሴ ሄድኩ። ባለቤቴ የምትመግበው መስሎኝ ነበር። እርሷ ደግሞ ዘመድ ታሞባት ልጆቹን ይዛ ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ ለጎረቤት የነገርኩ መስሏት ነበር። ጎረቤቶቻችን በበኩላቸው ድመቱ ስላልታየ የተጣለ መስሏቸው ነበር። ሁላችንም «መስሎን» ነበር። ቅዳሜ ማታ ስመለስ ግቢው ጭር ብሏል። ከእንጨት ቤቱ ድምፅ አልሰማሁም። በሩን ስከፍት ዉሮ ጥግ ላይ ተኝቷል፤ የውሃው ጣሳ ተገልብጧል፤ በሩ ከታች በኩል በጥፍር ተፍቆ እንጨቱ ነጭ ሆኗል። ውሃ ሳቀርብለት ብዙ ጊዜ አልጠጣም። ከዚያ መጠጣት ጀመረ፤ አላቆመም።

አልሐምዱሊላህ፣ አልሞተም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ድመት አስራ ስለገደለችው ሴት የሚናገረውን ሀዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ በዚህ ሙያ ከገባሁም ወዲህ «እስልምናና የእንስሳት መብት» በሚል ርዕስ ሁለት ጊዜ ጽፌበታለሁ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደ ዘገቡት ሴትዮዋ ድመቷን ዘግታባት አላበላቻትም፣ አላጠጣቻትም፣ የምድር ተንቀሳቃሽ ነፍሳትን ለቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። አስማእ ቢንት አቡ በክር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ዘገባ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በፀሐይ ግርዶሽ ሶላት ላይ ሳሉ ሴትዮዋን ድመቷ ስትቧጭራት አይተዋታል። ይህን ሁሉ ስጽፍ ሴትዮዋን የምስላት ፊቷ የጠቆረ፣ ልቧ የደነደነ፣ ከእኛ የራቀች ሴት አድርጌ ነበር።

ለመሆኑ ድመቷ ምን አጥፍታ ነበር? በእነዚህ ዘገባዎች ውስጥ ምክንያቱ የለም። ምናልባት ወተት ደፍታ ይሆናል፤ ምናልባት ልጅ ቧጭራ፣ ምናልባት ምንጣፍ አበላሽታ ይሆናል። ሴትዮዋም በዚያች ሰዓት የተናደደች፣ ኋላም ሥራ የበዛባት፣ ሌላ ሰው የሚመግባት የመሰላት ተራ የቤት እመቤት ልትሆን ትችላለች። እኛ ድመታችን ምን እንዳጠፋ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እናወራለን። በሀዲሱ ግን የድመቷ ዓመል አልተነሳም፤ የተነሳው የተነፈገችው ነው።

ይህች ሴት ማን ነበረች የሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱንም አነጋግሯል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አንድ አማኝ በድመት ምክንያት ይቀጣል መባሉን ከብደዋቸው ሴትዮዋ ከሃዲ ነበረች ማለታቸው በኢማም አሕመድ ሙስነድ ተዘግቧል፤ ቃዲ ዒያድም ይህ ሊሆን ይችላል ብለዋል። ኢማም ነወዊ ግን ከሀዲሱ ግልጽ የሚሆነው ሙስሊም መሆኗ ነው፤ የተቀጣችውም በዚሁ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም በላዩ ላይ በመዝለቋ ከባድ ሆነ ይላሉ። በሁለቱ መካከል መፍረድ የእኔ አቅም አይደለም። ከእንጨት ቤቱ በር ፊት ለፊት የቆመ ሰው ግን ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስፈራው እኔ ልመስክር። ከሃዲ ነበረች ከተባለ ነገሩ የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ሙስሊም ነበረች ከተባለ ግን ሶላቷን ሰግዳ፣ ጾሟን ጾማ፣ አንድ በር መክፈት ሳትችል የቀረች ሴት ናት።

በማግስቱ አንድ ጎረቤቴ እንዲህ ሲል ሞገተኝ፤ «ሀዲሱ ካልመገብክ ልቀቅ ነው የሚለው። እንጦጦ መጣልስ መልቀቅ አይደለም?» ብልህ ክርክር ነው፤ ለግማሽ ቀን ያህል አስቦኛል። ነገር ግን ያቺ ድመት ብትለቀቅ ኖሮ የምትወጣው ወደ ለመደችው ሠፈር፣ የትኛው ጉድጓድ አይጥ እንዳለው ወደምታውቀው መንደር ነበር። ዉሮ ደግሞ ሁለት ዓመት ሳንባ እየተቆረጠለት የኖረ ነው። ማታ ጅብ በሚጮህበት ጫካ፣ በማያውቀው ቦታ ጆንያ ፈትቶ መመለስ እስሩን ከዓይናችን ማራቅ እንጂ መልቀቅ አይመስለኝም። አይጣችንን ሲያጠፋልን የተቀበልነውን አገልግሎት ስንቆጥር ደግሞ ነገሩ ይብስ ያሳፍራል።

ታዲያ ዓመሉስ? የእንስሳት ሐኪም የሆነ ወዳጄ መጥቶ አየው። መጀመሪያ የጠየቀኝ ሲሸና ያምጣል ወይ ብሎ ነው፤ ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት ከከለከለው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድለው ይችላልና። እርሱስ ደኅና ነው። ይልቅ በቅርቡ ከአጥር ማዶ ሌላ ወንድ ድመት መጥቷል፤ የእኛው ደግሞ ወሰኑን በሽንቱ እያሰመረ ነው። መስገጃዬን የመረጠው ጠልቶኝ ሳይሆን የእኔ ጠረን ያለበት ዕቃ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። እኔ ለወራት እንደ ጠላት የቆጠርኩት ፍጡር ወሰኑን ሲያሰምር በእኔ ጠረን ላይ የራሱን ይጨምር ነበር! ቦታውን በበረኪና ማጠቡንም ከለከለኝ፤ በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። በአቼቶና በውሃ አጠብነው። ከአናጺ ቤት ሰጋቱራ አምጥተን በአሮጌ ሳፋ ጥግ ላይ አኖርንለት፤ ከሦስት ቀን አንዱን ይስታል እንጂ ለምዶታል። መስገጃውን ከሰገድኩ በኋላ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ላይ አወጣዋለሁ። ልጄም ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈና ጅራቱን ማወናጨፍ ከጀመረ እንደማይነካ ተምራለች።

አሥሩ ቀን በሰላም አለፈ፤ ክትባቱም ተቋረጠ። የቀረኝ አንድ ጉዳይ ነው። ወዳጄ ቁርጡ መፍትሔ ማኮላሸት ነው ይላል። ጠይቄ እንደ ተረዳሁት በሐነፊዮች ዘንድ ጥቅም ካለው ወይም ጉዳትን የሚያስወግድ ከሆነ ይፈቀዳል። ሥጋው የማይበላን እንስሳ ማኮላሸት ክልክል ነው ካሉት መካከል ግን እነሆ እኚያው ኢማም ነወዊ አሉበት። እናቴ «አላህ የፈጠረውን ምን አገባህ» ትላለች፤ ባለቤቴ ቀጠሮ ያዝ ትላለች። እኔ እስካሁን አልወሰንኩም። በጉዳዩ ላይ ዕውቀት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች በዚሁ ዓምድ ብትጽፉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ወላሁ አዕለም።