ስለ ኩልና ስለ ፊት ቅባት

ፊትን መቀባትና ዓይንን መኳል ለምእመን የተገባ ነውን ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ በየጉባኤው፥ ይልቁንም በወጣቶችና በእናቶች ማኅበር ዘንድ፥ ደጋግሞ ይነሣል። አንዳንዶች የኤልዛቤልን ስም ጠርተው ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጉታል። እርስዋ ኢዩን በመስኮት ለመቀበል ዓይንዋን ተኵላ እንደ ነበረ እኛም አንብበናል። ነገር ግን የኤልዛቤልን ታሪክ ለሚጠቅስ ሰው የኢዮብን ሴቶች ልጆች ደግሞ እናሳስበዋለን። ኢዮብ ከመከራው በኋላ ከወለዳቸው ከሦስቱ የሦስተኛይቱ ስም ከዕብራይስጥ ሲተረጐም «የኩል ቀንድ» ማለት ነው፤ ኩል የሚቀመጥበት ዕቃ ስም ነው። አባት እንባው በታበሰለት ቀን ለልጁ ይህን ስም አወጣ። እንግዲህ ያው ኩል በአንዲቱ ፊት የትዕቢት፥ በሌላይቱ ስም የደስታ ምልክት ከሆነ፥ ፍርዱ በኩሉ ላይ ሊሆን አይችልም።

እናቶቻችን ጠጕራቸውን በለጋ ቅቤ ሲቀቡ፥ እጃቸውንና እግራቸውን በእንሶስላ ሲያቀሉ ኖረዋል። በዚህ ሰውነትን መንከባከብን እንጂ መካድን አናይም። ቅቤው ጠጕርን ከደረቁ የደጋ ነፋስ ይጠብቃል፤ እንሶስላውም ቤቱ የደስታ ቤት መሆኑን ለጎረቤት ይናገራል። ማርቲን ሉተር በ1529 ባወጣው በትንሹ ካቴኪዝም (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ስለ ፍጥረት ሲያስተምር፥ ሰው ዓይኑን፥ ጆሮውንና ብልቶቹን ሁሉ ከፈጣሪው እንደ ተቀበለው ስጦታ አድርጎ እንዲቈጥር ይነግረዋል። ስጦታን አጥቦና አስጊጦ የሚይዝ ሰጪውን ያከብራል። የከንፈር ቀለምም ሆነ የፊት ዱቄት፥ በልክ ሲሆንና የልጆችን እንጀራ ሳይነካ ሲገዛ፥ ከእንሶስላው የተለየ ነገር ነው ብለን ለመፍረድ ምክንያት አናገኝም።

ምክንያት የምናገኘው ግን በሌላ ቅባት ላይ ነው። በየሱቁ መደርደሪያ ላይ መልክን ያቀላል፥ ያነጣል እየተባለ የሚሸጥ አለ። ይህ ፊትን አያስጌጥም፤ ፊትን ይከሳል። ተቀቢዋን «የተሰጠሽ መልክ ጉድለት ነው፤ እኔ አርመዋለሁ» ይላታል። እንሶስላ እጅን እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ይህ ክስ ደግሞ ሐሰት ነው። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን የሚባለው ቀለም የፀሐይ ጨረር ወደ ውስጥ ዘልቆ ሥጋን እንዳይጐዳ የተዘረጋ ጣራ ነው። ከፍታ በጨመረ መጠን ጨረሩ ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በደጋ ለምንኖር ለእኛ ጣራው ከማንም ይልቅ ያስፈልገናል። ቀዝቃዛው አየር ያታልለናል እንጂ በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ቀትር ላይ የሚወርደው ፀሐይ በባሕር ዳርቻ ካለው በጨረር ይበልጣል። የሚያቀላው ቅባት የሚያፈርሰው ይህን ጣራ ነው።

እንዴት እንደሚያፈርሰው ማወቅም ይገባል። በአንዳንዱ ቅባት ውስጥ ባዜቃ፥ በውጭ ቋንቋ ሜርኩሪ የሚባለው፥ ይገኛል። ባዜቃ ቆዳ ቀለሙን የሚሠራበትን ሥራ ያግዳል፤ ነገር ግን በዚያ አይቆምም። በቆዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል፥ ኵላሊትንም ይጐዳል፤ ከእናት እጅና ፎጣ ላይም ወደ ሕፃንዋ ይተላለፋል። ሃይድሮኪኖን ያለበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲቀቡት በአንዳንዶች ፊት ላይ በቀላሉ የማይለቅ ሰማያዊ ጥቁረት ያወጣል፤ ጥቁረትን የሸሸችው ከሌላ ጥቁረት ላይ ትወድቃለች። ሦስተኛው ዓይነት ክሎቤታሶልን የመሰለ፥ ሐኪም ለቆዳ በሽታ በልክ የሚያዘው ብርቱ መድኃኒት ያለበት ነው። ይህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል፤ ሲተዉትም ፊት ይቀላል፥ ይቃጠላል፥ ያብጣል። ብዙዎች ቅባቱን ለማቆም የሚያቅታቸው ይህን መቃጠል ፈርተው ነው።

መንግሥታት ይህን አይተው ሕግ አውጥተዋል። ደቡብ አፍሪካ በ1990 ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ ቅባት ውስጥ ከለከለች፤ በሩዋንዳም ከ2018 ፍጻሜ ጀምሮ ፖሊሶች እነዚህን ቅባቶች ከየገበያው ለቅመዋል። በጃፓን በባዜቃ መርዝ ብዙ ሰዎች በተጐዱባት በሚናማታ ከተማ ስም የተጠራውና በ2013 የጸደቀው ውል፥ በኪሎ ከ1 ሚሊግራም በላይ ባዜቃ ያለበት መዋቢያ ከ2020 በኋላ እንዳይሠራና ከአገር ወደ አገር እንዳይሻገር ወሰነ፤ በ2023 የተሰበሰቡት አገሮችም ይህችን ጥቂት መጠን እንኳ ከ2025 በኋላ እንዳትፈቀድ ተስማሙ። ሆኖም ሕግ በወጣበት አገር ሁሉ ቅባቱ በሻንጣ ውስጥ ያልፋል። የሚፈልገው ሰው አለና።

ለምን ይፈለጋል? እዚህ ላይ ነቀፋውን በልጃገረዲቱ ላይ ብቻ የሚጥል ሰባኪ ቢኖር አንስማማም። ሕፃን በተወለደ በሳምንቱ ጠያቂዎች ተሰብስበው «ቀይ ናት?» ብለው የሚጠይቁት እኛው ነን። ለወንድማችን ሚስት ስናጭ «ጥቁር ናት ግን ቆንጆ» የምንል እኛው ነን። ይህችን «ግን» ልጅቱ ከበር ኋላ ሆና ትሰማታለች። ለአስተናጋጅነት ወይም ለእንግዳ ተቀባይነት ሥራ ስትወዳደርም ያችው «ግን» በሌላ ሰው ዓይን ውስጥ ቆማ ትጠብቃታለች። እንዲህ ላለችው ልጅ የቅባቱ ብልቃጥ የከንቱ ውበት ጉዳይ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። «በውስጥሽ ውበት ርኪ» ብሎ መምከር ለመካሪው ቀላል ነው፤ እርስዋን ሥራ የከለከላት ሰው ግን በዚያው ጉባኤ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህች ቃል አንድ ነገር እንጨምር። በመኃልየ መኃልይ መጀመሪያ ላይ ሙሽራይቱ ስለ ጥቁረትዋና ስለ ውበትዋ ትናገራለች። በዕብራይስጡ ሁለቱን ቃላት የምታያይዘው አንዲት ፊደል ናት፤ ዋው ትባላለች፤ እንደ አገባብዋም «እና» ወይም «ግን» ተብላ ልትተረጐም ትችላለች። ወደ ግሪክ የተረጐሙት ጥንታውያን «እና» አሉ፤ የላቲኑ ትርጕም «ግን» አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ጥቁረትና ውበት እኅትማማች ናቸው፥ በሁለተኛው ውበት ጥቁረትን ይቅርታ ያስጠይቃታል። ቋንቋ አዋቂዎች ይከራከሩበት፤ በየቤታችን የምንናገረውን ግን የምንመርጠው እኛ ነን።

ይህን ስንል ከአያቶቻችን የወረስነው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። ከጋሌና ድንጋይ የሚፈጨው ኩል እርሳስ የተባለው ማዕድን ያለበት ነው፤ በተመረመረው በአንዳንዱ ኩል ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስ ሆኖ ተገኝቷል። እርሳስ ይልቁንም የሕፃንን አእምሮ ይጐዳል፤ ስለዚህ ለዓይን ይበጃል ተብሎ ሕፃንን መኳል መቅረት ያለበት ልማድ ነው። አንዱን መኳያም ለብዙ ዓይን ማዋስ አይገባም፤ ትራኮማ ከታመመ ዓይን በሚወጣ ፈሳሽ የሚተላለፍ በሽታ ነውና፥ ደጋውም ይህን በሽታ በሚገባ ያውቀዋል።

በሱቅ የሚገዛውንም ለመምረጥ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። የሠሪው ስም፥ በውስጡ ያለው ነገርና የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበትን ብልቃጥ አትግዙ። «ከወርቅ፥ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለበት በውስጡ ባዜቃ እንዳለ ጠርጥሩ። እስቲ አስቡት፤ የጣት ቀለበትን የሚያበላሸውን ለጉንጭ! አዲስ ቅባት ስትጀምሩ በክንዳችሁ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቂት ቀብታችሁ ጥቂት ቀናት ጠብቁ፤ የሚያሳክክ ወይም የሚያቀላ ከሆነ ተዉት። የተቀባችሁትንም ሳትታጠቡ አትተኙ።

በመጨረሻ ከብዙ ቤተ ሰብ የሚቀርብልንን ጥያቄ እንመልስ። በዓረብ አገር በሰው ቤት ስትደክም የኖረች ልጅ ስትመለስ ከሻንጣዋ አውጥታ ለእናትዋና ለእኅቶችዋ ከምታድለው ስጦታ መካከል ይህ ቅባት የሚገኝበት ጊዜ አለ። በላብዋ የገዛችውን መናቅ ያስጨንቃል። ስለዚህ በሰው ፊት አትገሥጿት፤ ሽቶውንና ሻሹን በምስጋና ተቀበሉ፤ ስለ ቅባቱ ብቻዋን ሆና ንገሯት፥ ምናልባት እርስዋም እየተቀባችው ይሆናልና። ለወራት ተቀብታው ከሆነ በድንገት ከመጣልዋ በፊት ሐኪም ትጠይቅ። ባዜቃ አለበት ተብሎ የተጠረጠረውን ግን እሳት ውስጥ አትጣሉት፤ ሲሞቅ ተን ሆኖ በቤቱ ላሉት ሁሉ ይደርሳል። ክዳኑን ዘግታችሁ፥ ከልጆች እጅ አርቃችሁ፥ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱትና ምን እንደሚደረግበት ጠይቁ።