ስሙ የተሸፈነው ሲኒ

ጥቂት የሆነ ነገር ሁሉ ክቡር ነውን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ስለ ጣዕም የሚሰጠው ፍርድ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተቆራኘ ነው። በፈረንሳይ አገር፣ በቡርጎኝ፣ እጅግ ስመ ጥር የሆኑት የወይን ማሳዎች ትንንሾች ናቸው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚወደሰው ሮማኔ ኮንቲ ስፋቱ 2 ሄክታር እንኳ አይሞላም። ከአንድ ሄክታር የሚገኘው የወይን ጠጅ መጠንም በሕግ የተወሰነ ነው። ግንዱ ጥቂት ዘለላ ሲሸከም ፍሬው ይበልጥ ይጣፍጣል የሚለው እምነት ለዚህ ሕግ መሠረት ሆኖታል።

በኢትዮጵያ የዚህ አቻ የሚገኘው በከፋ ደን ውስጥ ነው። በቦንጋ ዙሪያ ባሉት ጥቅጥቅ ደኖች ቡና ማንም ሳይተክለው በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ብርሃን ፍለጋ ቀጭን ግንዱን ወደ ላይ ይመዛል፤ ፍሬው በጥላው ምክንያት ቀስ ብሎ ይበስላል፤ የሚያፈራውም በእርሻ ከለማው ቡና እጅግ ያነሰ ነው። ከዚያችው ከጥቂቷም ጦጣው ድርሻውን ይወስዳል። ለቃሚው ቅርጫቱን ለመሙላት ከዛፍ ወደ ዛፍ ረዥም መንገድ ይጓዛል፤ ቀዩን እየለየ ይለቅማል፤ አረንጓዴውን ትቶ በሌላ ቀን ይመለስበታል። የዐረቢካ ቡና የዱር ዘር ከሚገኝባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ የሆነው ይህ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

የለቃሚው ድካም የሚመዘነው ግን ከደኑ ርቆ፣ በቅምሻ ክፍል ነው። ቀማሹ የተፈጨውን ቡና ያሸታል፤ ሊፈላ የተቃረበ ውኃ ያፈስበታል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከላይ የሰፈፈውን ዱቄት በማንኪያ ይሰብራል፤ ሲበርድለትም በኃይል ፉት ብሎ በምላሱ ላይ ካዳረሰው በኋላ ይተፋዋል። ለብዙ ዓመታት በተሠራበት የ100 ነጥብ መለኪያ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ባለ ልዩ ጣዕም ይባላል። በጥንቃቄ በሚካሄድ ቅምሻ ሲኒው የሚታወቀው በቁጥር ብቻ ነው፤ የባለቤቱም ሆነ የቀበሌው ስም የተሸፈነ ነው።

ይህ አለማወቅ ታላቅ በጎነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1976 በፓሪስ በተደረገው ቅምሻ ፈረንሳውያን ዳኞች ጠርሙሱ ተሸፍኖ ሲቀርብላቸው፣ ከአገራቸው ዝነኛ ወይኖች አስበልጠው በነጩም በቀዩም የካሊፎርኒያን ወይን አንደኛ አወጡ። ስም ሲሸፈን ምላስ ነፃ ይወጣል። በቡናም እንዲሁ ነው፤ ጥቂት ኪሎ ያመጣው ደሃ ገበሬና ባለ ሰፊ እርሻው በአንድ ጠረጴዛ ላይ እኩል ይቆማሉ።

ነገር ግን በጠረጴዛው ላይ በጎነት የሆነው አለማወቅ በዋጋ ፊት ጥፋት ይሆናል። ምርቱ ያነሰው ደኑ ስለቆመ ነው፤ ደኑም የቆመው በአጠገቡ የሚኖረው ሰው ስላልቆረጠው ነው። ገበሬው የጥላውን ዛፍ ቢያሳሳ፣ ሥር ሥሩንም ቢመነጥር ቡናው ይበልጥ እንደሚያፈራ ያውቃል፤ ያደረጉትም አሉ። ከዛፉ ጋር ግን ንቡ፣ ኮረሪማውና ጥምዙ፣ የቡናውም የዘር ብዝኃነት አብረው ይሳሳሉ። ስለሆነም ቀማሹ የሚያደንቀው ማነስ አንድ ሰው ከዕለት እንጀራው ላይ ቆርሶ የከፈለለት ማነስ ነው።

«ቀማሽ ዳኛ እንጂ ነጋዴ አይደለም፤ ስለ ዋጋ መጠየቅ የእርሱ ድርሻ አይደለም» የሚል ይኖራል። ክርክሩ በከፊል እውነት ነው። ቀማሹ ለደሃው አዝኖ ነጥብ ቢጨምር ፍርዱ ይበላሻል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚያምነው አይኖርም፤ ተጎጂውም ያው ገበሬ ይሆናል። ይሁንና ነጥቡ ተጽፎ ካበቃ በኋላ መሸፈኛው መነሣት አለበት። ሲኒው የማን እንደነበረ፣ ያ ሰው ነጥቡን ሰምቶ እንደሆነ፣ የጥቂቱ ፍሬ ዋጋ ስለ ደኑ ሲል የተወውን ብዙ ፍሬ ይክሰው እንደሆነ መጠየቅ የፍርዱ ሁለተኛ ግማሽ ነው። ይህን ግማሽ የተወ ሰው ጣዕሙን እንጂ ቡናውን አላወቀውም።

ሌላም ዓይነት ቅምሻ አለ። ጀበናው ተጥዶ ጎረቤት በተሰበሰበበት ቤት አቦል፣ ቶናና በረካ ከአንድ ቡና ይቀዳሉ። ሦስተኛው ሲኒ ከሁሉ የቀጠነ ነው፤ ወደ ቅምሻ ክፍል ቢወሰድ ነጥብ የሚሰጠው አይገኝም። ስሙ ግን በረከት ማለት ነው። ጥቂቱ ቡና ለሁሉ መዳረሱ የሚታየው በዚያ ሲኒ ነውና፣ እንግዳው ሳይጠጣው መነሣትን አይወድም። በዚያም ዙሪያ ከተቀመጡት ስሙ የተሸፈነ ሰው የለም።