«ተስማምተዋል» ማለት ይበቃልን?



ባለፈው ወር ኮልፌ በሚገኘው የእናቴ ግቢ ውስጥ ያሉት ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች ተለቀቁ። እናቴ አባቴ ወደ አኺራ ከሄደ በኋላ የምትተዳደረው በክፍሎቹ ኪራይ ነው። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒቷም የሚገዛው ከዚያው ነው። በማግስቱ ደላላው ወጣት ባልና ሚስት ይዞ መጣ። ሚስቲቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። በዋጋው ተነጋግረው ጨረሱና ውሉን እንድጽፍ እስክሪብቶው ለእኔ ተሰጠኝ።

ደላላው ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ወረቀቱ ላይ ግማሹን ጻፍ፤ ቀሪውን በእጅ ይሰጣሉ። ግብሩም ይቀንሳል፤ ነገ ልጨምር ብትሉም የሚይዛችሁ የለም» አለኝ። ቀና ብዬ ተከራዮቹን ሳያቸው ባልየው፣ «እኛ ችግር የለብንም ጋሼ» አለ። «ይኸው፣ ተስማምተዋል!» አለ ደላላው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሱረቱ ኒሳእ ንግድን የሚፈቅደው በመዋደድ፣ ማለትም በሁለቱ ወገኖች ፈቃድ ሲሆን ነው። ሁለቱም ወገን ከተስማማ ታዲያ ምን ቀረ? ነገር ግን ወር ሳይሞላ የሚወልድ ቤተሰብ ያለው ሰው «እሺ» ሲል ፈቅዶ ነውን ወይስ ተቸግሮ?

የአከራዩንም ጭንቀት አልክድም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ አያቴ ለዓመታት ቆጥበው የሠሩትን አንድ የኪራይ ቤት በአንድ ቀን አጥተዋል። እናቴ «መዝገብ» የሚል ቃል ስትሰማ የምትደነግጠው ስለዚህ ነው። ኪራይ ሳይከፍል ወራት የሚቀመጥ፣ በርና መስኮት ሰብሮ የሚወጣ ተከራይም አለ። የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋም ለአከራይ አይራራለትም።

ዋጋን በሚመለከት ዑለማዎች ብዙ ተከራክረዋል። በመዲና ዋጋ በተወደደ ጊዜ ሶሓቦች ዋጋ እንዲተመን ቢጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልተመኑም። ኢብን ተይሚያህ ግን ስለ ሒስባ በጻፉት መጽሐፍ ሁለት ነገር ለይተዋል፦ ማንም ሳይበድል በራሱ የወጣን ዋጋ ማስገደድ በደል ነው። ሰዎች የግድ የሚፈልጉትን ነገር ባለቤቱ ከተገቢው ዋጋ በላይ አልሸጥም ሲል ግን በአቻው ዋጋ እንዲሸጥ ማድረግ ፍትሕ ነው። የጠየቅነው ኪራይ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ሰው ሊከራከር ይችላል። ጎረቤቶቻችን የሚያከራዩበት ዋጋ ስለሆነ እኔ ከመጀመሪያው መድቤዋለሁ፤ ነፍሴ ለራሷ አድልታ እንደሆነ አላህ ያውቃል።

በወረቀቱ ላይ ውሸት መጻፍ ግን ከዋጋው የተለየ ጉዳይ ነው። በሱረቱል በቀራህ ስለ ብድር ውል በተነገረው ረዥም አንቀጽ የሚያስጽፈው ዕዳው ያለበት ሰው ነው። እርሱ ደካማ ከሆነ ደግሞ ወኪሉ በትክክል ያስጽፍለታል። እስቲ አስቡት! አበዳሪው ጉልበት ስላለው ቃሉ ከተበዳሪው አፍ እንዲወጣ ተደረገ። በእኛ ግቢ ግን ያስጻፈው ደላላው ነበር። ዕዳውን የሚሸከመው ወጣት ራሱን ነቀነቀ እንጂ አንድ ቃል አላስጻፈም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320፣ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በግማሽ ዋጋ የተጻፈ ውል ይህን ጥበቃ ባዶ ያደርገዋል። በእጅ የሚሰጠው ግማሽ በየወሩ ቢጨመር ተከራዩ በምን ማስረጃ ይከራከራል? እኔ ራሴ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ፈርሜ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ አከራዬ በእጅ የምሰጠውን እጥፍ አድርጎ «ካልቻልክ ልቀቅ» ሲለኝ የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። እኔም ያን ዕለት «ተስማምቻለሁ» ብዬ ነበር።

ስለዚህ ለእናቴ፣ «እማዬ፣ እውነተኛውን ቁጥር ልጽፈው ነው፤ ግብሩ ይጨምርብሻል» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «መድኃኒቱስ?» አለችኝ። የጎደለውን እኔ እንደምሞላ ነገርኳት። «በል ጻፈው፤ ቂያማ ቀን ከደላላ ጋር መቆም አልፈልግም» አለች። ደላላው አኩርፎ ወጣ። ወጣቱ ሲፈርም እጁ ፈጠን አለ፤ ሚስቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስጡኝ ብላ ተቀመጠች።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የጻፍኩት ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ ከደሞዜ የሚወጣውን እያሰብኩ ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬያለሁና። ነገር ግን ቤት የምታከራዩ ሁሉ እስክሪብቶውን ስታነሡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ወረቀቱ ነገ በእኔ ላይ ቢነበብ፣ በተከራዩ ቦታ ሆኜ እፈርመው ነበርን? የተቸገረ ሰው «እሺ» ማለቱ ለደላላ ሊበቃው ይችላል። ለእኛ ግን አይበቃንም።

ወላሁ አዕለም።