የደሴዋና የናዝሬቷ

ሁለት ባልንጀሮች ነበሩ፤ አንዷ የደሴ ልጅ፣ ሌላዋ የናዝሬት። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ አፓርታማ ተጋርተው ይኖራሉ። ሥራቸውም አንድ ነው፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሌሊት ሌሊት ሽማግሌ ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ይገባሉ፣ ሲነጋ ይወጣሉ። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ እንደ ልብ አይገኝም፣ ታክሲው ደግሞ ሲያደርስ ብቻ የአንድ ሰዓት ደመወዝ ይበላል። ብርዱ ሊገባ ሲል ሁለቱም መኪና ለመግዛት ቆረጡ። በእጃቸው ያለው እኩል ነው፤ 4 ሺህ 4 ሺህ ዶላር።

የናዝሬቷ ቀደመች። መኪና የሚሸጠው ዲለር ቤት ገና ስትገባ ወንበር ተሳበላት፣ ቡና ቀረበላት። ሻጩ ትሑትና ጨዋ ልጅ ነው። «በወር ስንት ብትከፍዪ ይመችሻል?» አላት። 550 ገደማ ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ ስለ መኪናው ዋጋ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ የተወራው ስለ ወሩ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ላይ ግን ዋጋው ነበር። መኪናው 30 ሺህ ዶላር። የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ግብር 4.15 ከመቶ ነውና 1,245 ዶላር። የወረቀት ማስፈጸሚያ፣ የተራዘመ ዋስትና ምናምን ሲታከልበት 34 ሺህ ሞላ። 4 ሺዋን አስረከበች፣ 30 ሺው ብድር ሆነ። ክሬዲቷ ገና ስላልጠና ወለዱ 9 ከመቶ መጣባት። ሻጩ በመጀመሪያ በ60 ወር አስልቶ 623 ሲላት ፊቷ ጠቆረ። አየና ቁልፉን ነካ ነካ አደረገ፤ 72 ወር። 541 ዶላር! ፊቷ ፈካ። በዚያች ንክኪ ከ1,500 ዶላር በላይ ወለድ እንደተጨመረባት የነገራት አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም። የመኪናው ጠቅላላ ወለድ ወደ 9 ሺህ ዶላር ተጠግቶ ነበር።

በዚያው ቀን መኪናው ጎን ቆማ የተነሳችውን ፎቶ ለእናቷ ላከች። እናት ናዝሬት ሆነው እልል አሉ፤ ጎረቤት ጠርተው ስልኩን አሳዩ። ይህን በማድረጓ የሚፈርድባት ካለ ከአገር ርቆ ለፍቶ አያውቅም።

የደሴዋ የሄደችው ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ነው። ተግባረ ዕድ የተማሩ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ አርጅተው አሜሪካ የመጡ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ስልኳ ላይ ያገኘችውን መኪና እንዲያዩላት ለመነቻቸው። የሚያብረቀርቅ፣ የ2015 ሥሪት፣ ዋጋው 5,500 ዶላር ብቻ። ባለቤቱ ዛሬውኑ ካልወሰድሽ ሌላ ሰው አለኝ እያለ ያጣድፋታል።

ጋሼ የሞተሩን ክዳን እንኳ አላነሱም። የሾፌሩን የደህንነት ቀበቶ ያዙና እስከ መጨረሻው ድረስ ሳቡት። ላይኛው ክፍል ንጹሕ ነው። ሁልጊዜ ተጠቅልሎ የሚቀረው የታችኛው ክፍል ላይ ግን አግድም የተሰመረ ቡናማ መስመር ታየ፤ በአውራ ጣታቸው ሲያሹት ደቃቅ ደለል እጃቸው ላይ ቀረ። ባለቤቱ ዞር እስኪል ጠበቁና፣

«ይሄ ጎርፍ የዋጠው ነው ልጄ። ምንጣፉን ይለውጣሉ፣ ወንበሩን ያጥባሉ፤ ቀበቶውን ግን እስከ ጫፉ የሚስብ ገዢ የለም ብለው ይተዉታል። ተነሽ እንሂድ» አሏት።

ሦስተኛ ላይ የ2009 ኮሮላ አገኙ። 150 ሺህ ማይል የሄደ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ የኋላ በሩ የተጫረ። የመኪናው ባለቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ የዘይት ቅያሪውን ደረሰኝ ሁሉ በፖስታ ሰብስበው አስቀምጠዋል። ጋሼ ከሥር ገቡ፣ ካምቢዮውን አዩ፣ ነድተው ሞከሩ፣ ከመኪናው ይልቅ ግን ደረሰኞቹን ረዘም ላለ ጊዜ አገላበጡ። ሞተሩ የታይሚንግ ቺንጊያ የለውም፣ በሰንሰለት የሚዞር ነው፤ ከዚያ ወጪ ገላገለሽ አሏት። ዋጋው 5,800 ዶላር።

ገንዘቧ ስላልበቃ የዕቁቧን ዳኛ ለመነች። ዕቁቡ አሥር ሰው ነው፣ በወር 400 ዶላር ይጥላሉ። ባለተራውን አስማምተውላት 4 ሺህ ወጣላት። መኪናውን ገዝታ፣ ግብሩን ከፍላ፣ 2 ሺህ የማትሞላ ገንዘብ ተረፈቻት። ወደ ቤት ትልካት ወይም አልጋ ትግዛባት ስታስብ ጋሼ ተቆጧት።

«አሮጌ መኪና የወር ክፍያ የለውም ያለሽ ማነው? አለው። ቀኑን አይነግርሽም እንጂ ይጠይቅሻል። አንቺ ግን በየወሩ ክፈዪው፤ ለራስሽ ክፈዪው። ዕቁብሽ ሲያልቅም እንዳታቆሚ።»

እንዳሏት አደረገች። ዕቁቧን ጥላ ስትጨርስ በየወሩ 300 ዶላር ለብቻው በከፈተችው ሒሳብ ማስገባት ቀጠለች።

መኪናውም ቀኑን ሳይናገር ጠየቃት። በጥር ሌሊት 395 መንገድ ላይ ዲናሞው ሞተ። መብራቱ እየፈዘዘ፣ ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ትልልቁ የጭነት መኪና ሲያልፍ መኪናዋ ሁሉ እንደሚንቀጠቀጥ እየተሰማት በመንገዱ ዳር ተቀመጠች። የናዝሬቷ በአዲሱ መኪና ደርሳ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በሞቀው ወንበር አሳፍራ ወሰደቻት። «የኔ እናት፣ ምን በወጣሽ? ካንቺ ነፍስ ገንዘቡ ይበልጣል?» አለቻት። የደሴዋ አለቀሰች። ያን ሌሊት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብላ ነው ያደረችው። ዲናሞው 480 ዶላር ፈጀ። በጸደይ ደግሞ ቨርጂኒያ በየዓመቱ የምታስደርገውን የደህንነት ምርመራ ወደቀ፤ በ15 ቀን ውስጥ አስተካክለሽ አምጪ ተባለች። የፊት ፍሬን ሸራና ሁለት ጎማ፣ 620 ዶላር። ሁለቱም ከዚያች ከተቀመጠች ገንዘብ ወጡ።

በሁለተኛው ዓመት መንከባከቢያ ቤቱ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። አዲሶቹ ሰዎች ኦቨርታይም አነሱ፣ ሺፍት ቀነሱ። በሳምንት አምስት ሌሊት ይሠሩ የነበሩት ሴቶች ሁለትና ሦስት ሌሊት ብቻ ቀረላቸው። ሁለቱም እኩል ተመቱ።

የናዝሬቷ 18 ጊዜ ከፍላለች፤ አንድም ቀን አሳልፋ አታውቅም። 19ኛው ላይ አቃታት። 541 ብቻ አይደለም፤ ብድር ያለበት መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ ካልያዘ አበዳሪው አይቀበልም፣ ከተማውም በየዓመቱ በመኪናው ግምት ልክ ግብር ያስከፍላል፣ አዲስ መኪና ደግሞ ግምቱ ከፍ ያለ ነው። የክፍያው ቀን፣ የወሩ 5ኛ፣ ሲደርስ ደረሰ ነው፤ መታመሟን፣ ሥራ መቀነሱን፣ ናዝሬት እናቷ መተኛታቸውን አይጠይቅም። አንድ ወር ለመነች፣ ሁለተኛውን ተበደረች፣ ሦስተኛው ዘለለ። ዝናብ የጣለ ቀን ጠዋት ስትወጣ መኪና ማቆሚያው በሙሉ ረጥቦ፣ የእሷ መኪና የነበረበት ቦታ ብቻ በአራት ማዕዘን ደረቅ አስፋልት ሆኖ ጠበቃት።

ዕዳዋ ያን ጊዜ ገና 24 ሺህ ዶላር ያህል ነበር። መኪናው በሐራጅ 16 ሺህ አወጣ። ቀሪው፣ ከመጎተቻው ወጪ ጋር ከ8 ሺህ ዶላር በላይ፣ በደብዳቤ መጣላት። መኪናው የለም፤ ዕዳው አለ።

በእነዚያው ወራት የደሴዋም አልተመቻትም። ወደ ሒሳቧ አንድ ዶላር ያላስገባችበት ወር ነበር። የመኪናው ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ በጋውን በሙሉ መስኮት ከፍታ ነዳች፤ ጋሼ ይቆይ፣ አይገድልሽም ብለዋታል። ዘይቱ ግን በጊዜው ተለወጠ። ያቺ የናዝሬት ልጅም ከጎኗ እየተቀመጠች በኮሮላው ሥራ ትሄድ ጀመር።

ምሳሌው ይህን ያህል ነው።

ከዚህ ተነስቶ አዲስ መኪና ክፉ ነው የሚል ሰው ምሳሌውን አልሰማውም። የናዝሬቷ መኪና አንድ ቀን አላስቆማትም። በጥሩ ፍሬኑና በማስጠንቀቂያው ምናልባትም ከአደጋ ጠብቋታል፤ ያን ሌሊት ጓደኛዋን ከብርድ ያወጣው እሱ ነው። የሥራ ሰዓቷ ባይቀነስ 72 ወሩን ከፍላ ትጨርሰው ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው መኪናው ይበላሻል አይበላሽም አይደለም። አዲሱ መኪና አይበላሽም፤ ነገር ግን አንቺም እንዳትበላሺ ያስገድድሻል። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ፣ በአንድ ቀን፣ ጤነኛ ሆነሽ፣ ሥራሽ ሳይቀነስ፣ ከአገር ቤት ክፉ ስልክ ሳይደወል መገኘት አለብሽ። በሰዓት ከሚከፈላቸው፣ ከደመወዛቸው ላይ የሁለት ቤት ሰው ከሚያኖሩ ወገኖቻችን መካከል ይህን በልበ ሙሉነት የሚፈርም ስንት ሰው አለ? አሮጌው መኪና ይበላሻል፤ ግን የአንቺንም መበላሸት ይታገሣል። ማቀዝቀዣው እስኪመቻት ሊጠብቃት ችሏል። አበዳሪ አይችልም።

አሮጌ በመግዛቱ ብቻ ብልህ የሆነ የሚመስለው ሰው ግን ያሳዝነኛል፤ በብዛት የማየውም እሱን ነው። በ4 ሺህ ገዝቶ፣ በየወሩ ያዳነውን 541 ሳያውቀው በልቶ፣ ካምቢዮው ሲሞት እጁ ባዶ ይሆናል። ሥራ መድረስ ስላለበትም በዚያው ሳምንት ዲለሩ ቤት ተቻኩሎ ይገባል፤ መኪና ለመግዛት ከዚያ የባሰ ጊዜ የለም። እንዲህ ያለው ሰው ከሁለቱም የከፋውን ነው የወሰደው፦ የአሮጌውን ሥቃይም የአዲሱን ዕዳም። የደሴዋን ያዳናት ኮሮላው ሳይሆን ያቺ ለብቻዋ የተቀመጠች ገንዘብና ቀበቶ እስከ ጫፉ የሚስብ ሰው ማግኘቷ ነው። ለአንድ ሰዓት የመካኒክ ምርመራ 150 ዶላር መክፈልን እንደ ብክነት የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን መኪናውን ከመግዛት ይልቅ እሱን መክፈል ይቀድማል እላለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቻችን ከአገር ይዘነው የመጣን ሐሳብ መኪና ንብረት ነው የሚል ነው። አዲስ አበባ ላይ እውነት ነበር፤ ቀረጥና ግብሩ ከባድ፣ ብሩ በየዓመቱ የሚወርድ ስለነበር ያገለገለ ቶዮታ ነድተኸው ከገዛህበት በላይ የምትሸጥበት ዘመን ረጅም ነበር። አሜሪካ ላይ ግን አዲስ መኪና ከዲለሩ በር ሲወጣ ዋጋው መውረድ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ከዕዳው በፍጥነት ይወርዳል። የናዝሬቷ 18 ወር ከፍላ የመኪናዋ ዋጋ ከዕዳዋ በታች የነበረው በእሷ ጥፋት አይደለም፤ የ72 ወር ብድር ስሌቱ ራሱ እንዲህ ነው።

አዲስ መግዛት ያለበት ሰውም አለ። ክሬዲቱ የጠና፣ ሥራው የረጋ፣ በቀን ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ይግዛ። እንዲህ ያለው ሰው ዲለሩ ዘንድ ከመሄዱ በፊት በክሬዲት ዩኒየን ብድሩን ያጸድቅ፤ ወለዱን እዚያ ይወቅ። ከ48 ወር በላይ ካልሆነ አልችለውም የሚለው መኪና ለእሱ አልተሠራም። በወር ስንት ይመችሃል ሲባል ደግሞ አስቀድሞ ጠቅላላውን ዋጋ ከነግብሩ በወረቀት አድርጉልኝ ይበል፤ ወሩን ከዚያ በኋላ ራሱ ያሰላዋል።

ለናዝሬቷ በጊዜው የሚነግራት ሰው ቢኖር ኖሮ እንዲህ ይላት ነበር፦ ልትከፍዪ ያሰብሽውን 541 ዶላር ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ 5ኛ ቀን ለብቻ አስቀምጪ። እስከዚያ በጓደኛሽ ኮሮላ ነዳጅ እየተጋራሽ ሂጂ። ስድስት ወር ሳትነኪው ከቆየሽ ዲለሩ ጋር የምትገቢው በ4 ሺህ ሳይሆን ከ7 ሺህ ዶላር በላይ ይዘሽ ነው፤ የምትበደሪውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሦስተኛው ወር ካቃተሽ ደግሞ ማንም ሌሊት መጥቶ የሚጎትትብሽ መኪና የለም፤ ገንዘቡም ያው ባንክ ተቀምጧል።